ሲጢጥ የሚለው አልጋ

ሰውየውን በስሙ የሚጠራው የለም። የሕፃን መዳፍ የምታህል ማግኔት በክር አስሮ አንገቱ ላይ ስለሚያንጠለጥል ሰፈሩ «ጋሽ ማግኔት» ብሎ ሰየመው፤ እሱም ተስማማው። ቆራሌው ነው። ጋሪውን እየገፋ ከደጅ ደጅ ይዞራል። እጀታው የወለቀ መጥበሻ፣ ታቹ የተበሳ ሳፋ፣ ጥርሱ የረገፈ መጋዝ፣ ቤት የጠላው ብረት ሁሉ እሱ ዘንድ ይወደዳል።

«ውዳቂ ብረት ትላላችሁ» ይላል ሰዎች ሲያሾፉበት። «ብረት ወድቆ ያውቃል? ይቀልጣል፣ ይነሣል፣ ሌላ ሆኖ ይመጣል። ወድቆ የሚቀረው የእናንተ ወሬ ነው።»

ዕቃ ሲያቀርቡለት መጀመሪያ ማግኔቷን ያስጠጋል። ከተጣበቀች ብረት ነው። ካልተጣበቀች መዳብ ወይ ነሐስ ወይ አልሙኒየም ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ቅንድቡ ወደ ላይ ይወጣል። ሚስቱ «ቅንድብህን ደብቅ፣ ሻጩ እያየህ ነው» ትለዋለች። ቀጥሎ ከጭነት መኪና ጎማ ቡሎን ላይ የወለቀ ትልቅ ዳዶ ከኪሱ ያወጣና ብረቱን ኳ ያደርገዋል፤ ጆሮውንም ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ደህና ብረት ይዘምራል። የተሰነጠቀ ያስላል። ዝገት ሆዱን የበላው ድው ብሎ ዝም ይላል። በዚህ ጆሮው ይኮራል፤ «ዓይንን ቀለም ያታልለዋል፣ ጆሮን ግን ብረት ዋሽቶት አያውቅም» እያለ ደረቱን ይነፋል። ኩራቱ ምን እንዳመጣበት ኋላ እንደርስበታለን።

ሚስቱ ደግሞ እትዬ ሚዛን ናት። እሱ የሰበሰበውን የምትለየውና የምትመዝነው እሷ ስለሆነች ስሙ ከዚያ መጣ። እሱ ይስባል፣ እሷ ትመዝናለች። «ሚዛኗ ባትኖር ኖሮ ማግኔቱ የጎረቤትንም ጣሪያ ስቦ ያመጣው ነበር» ይሏቸዋል።

እውነትም ለትንሽ ነው። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት የሚስቱ እናት ልትጠይቃቸው መጥታ ሳለ፣ የምትወዳትን መጥበሻ አጥባ ደጅ ፀሐይ ላይ ብታሰጣት፣ ጋሽ ማግኔት አያት፣ ኳ አደረጋት፣ ሸጣት። አማቱ እንቁላሏን መጥበስ አምሯት ቀቅላ በላች። ከዚያ ወዲያ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ቀን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «ያ ባልሽ ደህና ነው? ድስቶችሽስ?» ነበር የምትለው።

እትዬ ሚዛን ያኔ ነጭ ቀለምና ብሩሽ አመጣች። ከግቢው በር ጀምራ መሬቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረችና ሕግ አወጣች። ከውጭ ሲገቡ ከመስመሩ በስተግራ ያለ ይሄዳል፤ በስተቀኝ ያለ ይቆያል። መስመሩን በየጊዜው ታድሰዋለች። ሰፈርተኛውም ሕጉን ያውቀዋል። በስተግራ በኩል ቆሞ ወሬ የሚያበዛ ጎረቤት ካለ «ኧረ ዝለል፣ ትጫናለህ!» ይሉታል።

የግቢው በር ራሱ ከአራት ዓይነት ቆርቆሮ የተሠራ ነው። ማጠፊያው ከጥንት ጀምሮ ዘይት ነክቶት አያውቅም። ሲከፈት ሲጢጥ፣ ሲዘጋ ሲጢጥ ይላል። ዘይት ቀባው ሲሉት ጋሽ ማግኔት «ውሻ ስለሌለኝ የሚጮህልኝ እሱ ነው፤ ውሻችሁን ዘይት ታጠጣላችሁ?» ብሎ ይመልሳል።

እንግዲህ ወደ አልጋው እንምጣ።

የመጀመሪያ ልጃቸው፣ የመጨረሻም እሷው ናት፣ ስትወለድ እንደ ቡሎን አጠር ጠንከር ያለች ስለነበረች አባቷ «ቡሎኔ» አላት። ያን ሰሞን ጋሽ ማግኔት የጋሪው ትርፍ ሁሉ አላጓጓው ብሎ፣ ካገኘው ብረት ጥሩ ጥሩ የሚዘምረውን እየመረጠ ከመስመሩ በስተቀኝ ያከማች ጀመር። ከዚያ ከጓደኛው ከበያጁ ጋር ሆነው የሕፃን አልጋ ሠሩላት፤ ዙሪያውን ዘንግ ያለው፣ በሁለት እግር መሃል የተንጠለጠለ፣ ገፋ ሲያደርጉት ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ። በያጁ ያኔ ጀማሪ ነበር። አንዱን መጋጠሚያ ትንሽ አጠበቀው መሰል፣ አልጋው በተወዛወዘ ቁጥር ሲጢጥ ይል ነበር።

በያጁ አፈረ። ሞረዱን ይዞ ሊያስተካክል መጣ። እትዬ ሚዛን ከደጅ መለሰችው።

«ንክች እንዳታደርገው!»

«እትዬ፣ ሥራዬ እኮ ነው፤ ሰው ሲሰማው ምን ይለኛል?»

«ልጄ በዚያ ድምፅ ነው የምትተኛው። ሰው የሚለውን ይበል፣ አንተ ሞረድህን ይዘህ ሂድ።»

ቡሎኔ አድጋ ስትወጣበት አልጋው ለጎረቤት ተሰጠ። ጎረቤት ለጎረቤት፣ እሱም ለሌላው፤ እግር ያወጣ ይመስል ሰፈሩን አዳረሰው። የደረሰበት ቤት ሁሉ በመሰለው ቀለም ይቀባዋል፤ ቀለሙ ሲላጥ ከሰማያዊው ሥር ቢጫው፣ ከቢጫው ሥር አረንጓዴው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርቦ ይታያል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው በመስኮት ሲጢጥ ሲጢጥ ሲል ከሰማ እዚያ ቤት ሕፃን ተኝቷል ማለት ነውና ድምፁን ዝቅ፣ እርምጃውን ለስለስ ያደርጋል። ሻጭ እንኳን መጮሁን ያቆማል። ማንም ያወጀው ነገር አልነበረም፤ እንዲሁ ተለመደ።

ቡሎኔ አድጋ ልብስ ሰፊውን አገባች። ሱቃቸው ከአባቷ ግቢ ፊት ለፊት ነው፤ መኖሪያቸውም ከሱቁ ጀርባ። ታዲያ አረገዘች። ወሯ ሲገባ አልጋው ሊመለስላት ተነጋገሩ። በዚያን ጊዜ አልጋው ዳቦ ጋጋሪዋ ቤት ነበር፤ መንታ ወልዳ፣ ሁለቱን የአንዱን እግር ወደ አንዱ ራስ አድርጋ ስታስተኛበት ቆይታ፣ አሁን መንታዎቹ እየሮጡ ዱቄት መድፋት ጀምረዋል።

የዳቦ ጋጋሪዋ ባል ደግ ሰው ነው። ደግነቱ ግን እንደ እርሾ ነው፤ ከመጠን ያልፍና ከመጋገሪያው ይፈስሳል። «ለቡሎኔ ልጅ ቆሻሻ አልጋ አንመልስም» ብሎ ያን ሁሉ ቀለም ፋቀው። ብረቱ ራቁቱን እስኪወጣ ድረስ ፋቀው። ቀጥሎ ደረጃቸው ጠባብ ስለሆነ ቡሎኖቹን በመፍቻ ፈትቶ አልጋውን በታተነው። ዘንጎቹን ከዘንግ፣ እግሩን ከእግር አድርጎ በሽቦ ጠፍንጎ አሠረና ተሸክሞ መጣ። ቤት ማንም አልነበረም። ከመስመሩ በስተቀኝ እንዳያስቀምጠው እትዬ ሚዛን የመስኮት ፍሬም ደርድራበታለች። ስለዚህ ሕጉ ትዝ ሳይለው በስተግራ አስደግፎት ወደ ሥራው ሄደ። ለሚስቱም «አድርሻለሁ» አላት፤ አላበለም።

በዚያው ቀን የጭነት መኪናው መጣ። በየጊዜው እየመጣ በስተግራ የተከመረውን ወደ ብረት ማቅለጫው የሚወስድ መኪና ነው። ጋሽ ማግኔት እያነሣ ሲያቀብል ያን እስር ብረት አገኘ። ከብዶት ቆም አለ። ዳዶውን አውጥቶ ኳ አደረገው። ብረቱም ዘመረ።

«ሰማሽ?» ብሎ ወደ ቤት ጮኸ። «እንዴት ያለ ጤነኛ ብረት ነው! የትኛው ሞኝ ነው ይኼን የጣለው?»

«ሞኝማ መች ጠፋ!» አለች እትዬ ሚዛን ከውስጥ።

ጋሽ ማግኔት እየሳቀ እስሩን ትከሻው ላይ አደረገና በገዛ እጁ መኪናው ላይ ወረወረው።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ሲጢጥ አለና ዳቦ ጋጋሪዋ ትኩስ ዳቦ ታቅፋ፣ መንታዎቹን ቀሚሷ ላይ አንጠልጥላ ገባች።

«ጋሼ፣ እንዴት አደራችሁ! አልጋውን እንዴት አገኛችሁት? ባሌ መቼም ልፋቱ! ያን ሁሉ ቀለም ሙልጭ አድርጎ ሲፍቀው እጁ ተላጠ።»

«የቱን አልጋ?»

«የቱን አልጋ ይለኛል እንዴ! የቡሎኔን ነዋ። ፈታትቶ፣ በሽቦ አሥሮ ትናንት እዚህ...» ዳቦውን ይዛ በአገጯ ወደ ግራ ጠቆመች። እዚያ የቀረ ነገር ቢኖር የተጣመመ ምስማርና አንዲት ግራ የገባት ድመት ናቸው።

 የጋሽ ማግኔት እጅ ሳያስበው ወደ አንገቱ ሄዶ ማግኔቷን ጨበጠ። እትዬ ሚዛን ከቤት ብቅ አለችና የባሏን ፊት፣ ቀጥሎ ባዶውን ግራ፣ ቀጥሎ እንደገና የባሏን ፊት አየች። ለመረዳት ሌላ አላስፈለጋትም።

«የትኛው ሞኝ ነው ነበር ያልከው?» አለችው።

«አሁን ጊዜው የቀልድ ነው?»

«እኔ መች ቀለድኩ?»

ዳቦ ጋጋሪዋ ነገሩ ሲገባት ዳቦውን ጥላ ልትጮህ ነበር፤ ግን ዳቦ አይጣልምና ለእትዬ ሚዛን አቀበለቻት። «ኑ፣ መኪናዬ ውስጥ ግቡ!» አለች። በዳቦ ማመላለሻዋ ሁሉም ተጭነው በረሩ። ጋሽ ማግኔት ከፊት፤ እትዬ ሚዛን ከኋላ በዳቦ መደርደሪያዎቹ መሃል፣ መንታዎቹ ግራና ቀኝ እየገመጡ። መኪናው ጉድጓድ በነካ ቁጥር አንድ ዳቦ ራሷ ላይ ይወርድባታል።

ማቅለጫው ግቢ ተራራ የሚያህል የብረት ክምር አለ። በላዩ ክሬኑ እንደ ጣሪያ የሰፋ ክብ ማግኔት አንጠልጥሎ ያንዣብባል። ጋሽ ማግኔት በሌላ ጊዜ እዚህ ሲመጣ ባርኔጣውን ወደ ክሬኑ አንሥቶ «የማግኔቴ ቅድመ አያት፣ እንዴት ዋሉ!» ማለት ልማዱ ነው። ዛሬ ቀና ብሎም አላየው። የእቶኑን ሠራተኛ ፈልጎ ያዘው፤ ፊቱ ከላብ የተነሣ እንደ ተወለወለ ነሐስ የሚያብረቀርቅ ግዙፍ ሰው ነው።

«የትናንቱ ጭነት የት ነው?»

«የአንተው? ያውልህ» አለና በጓንቱ አመለከተው።

ከእቶኑ አፍ ቀይ፣ ከቀይም አልፎ ወደ ነጭ የሚያደላ ብረት እየፈሰሰ ነበር። ብልጭታው እንደ አበባ ይበተናል። መንታዎቹ በሩቁ እናታቸው ክንድ ውስጥ ሆነው እልል አሉ።

«ምን ጠፋብህ?» አለ ሠራተኛው።

«አልጋ። የሕፃን አልጋ።»

«የማን?»

ጋሽ ማግኔት ትንሽ አሰበ። «የሰፈሩ» አለ።

ሠራተኛው የፊት መከለያውን አንሥቶ ፍሰቱን አየ፤ ለማጽናናትም የሚያውቀውን ቃል ፈለገ። «ጥሩ ብረት ነበር» አለው። «ዛሬ ጠዋት ሳይንገጫገጭ ሲወርድ እኔም ምን ገብቶበት ነው ብዬ ነበር።»

ጋሽ ማግኔት ባርኔጣውን አወለቀ። የሚፈስሰው ነገር ውብ ነበርና ዓይኑን መንቀል አልቻለም።

ሲመለሱ ግን ልቡ ሌላ ነገር ማሰብ ጀመረ። «ከሱቅ አንድ እንግዛ» አለ ለሚስቱ ቀስ ብሎ። «ቀለሙን ትንሽ ጫር ጫር፣ እግሩን ትንሽ ደፍጠጥ ብናደርገው...»

«እና?»

«አሮጌውን ይመስላል።»

«አንተ ሰውዬ፣ በእኔ እናት መጥበሻ ያላፈርክ፣ የልጅ ልጅህን ደግሞ በውሸት አልጋ ልታስተኛ?» አለችው ከዳቦው መሃል። «ሂድና ንገራት። ከአንተ አፍ ትስማው፤ ይኼ ሰፈር እንደሆነ ወሬን ከዳቦ ጋር አብሮ ነው የሚያድለው።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ሰምታ እንዳልሰማች መሪዋን ጠበቅ አደረገች።

ቡሎኔ ሱቁ ውስጥ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ፣ ሆዷ ላይ ጨርቅ ዘርግታ ቁልፍ ትተክላለች። ባሏ ከስፌት መኪናው ጀርባ አጎንብሶ ይሰፋል። ጋሽ ማግኔት ገብቶ ቆመ። ከጭንቀቱ ብዛት ዳዶውን አውጥቶ የአማቹን ጠረጴዛ ኳ ኳ ያደርግ ጀመር።

«እንጨት ነው፣ አባዬ» አለች ቡሎኔ። «ምን ሆነሃል?»

ነገራት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ብረቱ ሲዘምር፣ «የትኛው ሞኝ ነው» ማለቱን ሳይቀር። ቡሎኔ መጀመሪያ ጨርቁን አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ባሏም ከመኪናው ጀርባ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ አማት ፊት ነውና ድምፁን ዋጠው። ሳቋ ግን መሃል ላይ ተሰበረና ዓይኗ ሞላ።

«አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ።»

«ብረቱን አይደለም እኮ፣ አባዬ። ብረትማ ግቢህ ሞልቷል። ያ ድምፅ ነው። ልጅ ሆነን ስንጫወት ሲጢጥ ሲል ስንሰማ ዝም እንል ነበር፤ የእኔ ሲወለድ ደግሞ ሰው ሁሉ በዚህ መስኮት ሲያልፍ ዝም ይልለታል ብዬ ነበር የማስበው።»

ጋሽ ማግኔት ዳዶውን ኪሱ ከተተ። «እሠራልሻለሁ» አለ። «አልጋውንም፣ ሲጢጥታውንም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አሁን መሥራት ነበረበት።

ወሬው ከዳቦው ጋር ታደለ። ከሰዓት በኋላ በሩ ሲጢጥ ማለቱን ትቶ ያለማቋረጥ ይጮኽ ጀመር፤ ሰው አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። በአልጋው ያደጉ፣ በአልጋው ያሳደጉ ሁሉ አንድ አንድ ብረት ይዘው መጡ። ዳቦ ጋጋሪዋ ጠርዙ የጠቆረ የመጋገሪያ ትሪ አመጣች። ባሏ አንገቱን ደፍቶ የራሱን ብስክሌት አቀረበ፤ «ብስክሌቱን ወስደህ ነገ በእግርህ ልትሄድ ነው?» ብለው በግድ አስመለሱት። ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ ከሥራ ሲወጣ የሸለሙትን የፋኖስ ዘንግ አመጣ። ጋሽ ማግኔት ለእያንዳንዱ ዳዶውን ኳ ያደርጋል፤ «ይዘምራል!» ሲል ሰዉ ያጨበጭባል፤ «ያስላል» ሲል ባለቤቱ እየተሳቀበት ሌላ ሊያመጣ ይሮጣል። እትዬ ሚዛን ሚዛኗን አንሥታ ቤት ቆለፈችበት። ከመስመሩም በስተቀኝ እንጂ በስተግራ ማንም ምንም እንዳያስቀምጥ መጥረጊያ ይዛ ቆመች።

በመጨረሻ አማቹ መጣ። በሁለት እጁ የአባቱን የድሮ ስፌት መኪና እግር ተሸክሟል፤ ከታች መርገጫ ያለውን፣ ሲረግጡት ከፍ ዝቅ የሚለውን።

«ይኼንንም ይውሰዱት» አለ።

«የአባትህን? ተው እንጂ፣ ልጄ።»

«መኪናውን ወደ ኤሌክትሪክ ካዞርኩ ወዲህ መጋዘን ነው ያለው። እርስዎ ከአልጋው ጋር ቢያያይዙት ቡሎኔ ቁልፍ እየተከለች በእግሯ ትወዘውዘዋለች። እኔም እየሰፋሁ።»

ጋሽ ማግኔት አማቹን አየው። ከዚያ ሚስቱን አየ። «እኛ ይኼን ልጅ ለምን ያህል ጊዜ ዝምተኛ ነው እያልን አማነው?» አለ።

በያጁ ዕቃውን ጭኖ ደረሰ። አሁን ፀጉሩ ሸብቷል፤ በብየዳ ሰፈሩን አስንቋል። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ሁለቱ ጓደኛሞች እንደ ወጣትነታቸው እየተሰዳደቡ፣ «አጥብቀህ ያዝ!»፣ «አንተ ራስህ ያዝ፣ እጅህ ተንቀጠቀጠ!» እየተባባሉ ሠሩት። የባቡሩ ፋኖስ ዘንግ፣ የዳቦው ትሪ፣ የስፌት መኪናው መርገጫ አንድ አልጋ ሆኑ።

ቡሎኔ ወለደች። ሴት ናት፤ ክብ ያለች፣ የተጠጋጋች። እትዬ ሚዛን እንዳየቻት «እናቷ ቡሎን፣ ይቺ ደግሞ ዳዶ» አለችና ስሙ ያው ሆኖ ቀረ።

አልጋው ሱቁ ጥግ ገባ። ዳዶ ተኛችበት። ቡሎኔ መርገጫውን ረገጠች። አልጋው እንደ ቅቤ ተንሸራተተ፤ አንዲት ድምፅ የለም። በያጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ከወጣትነቴ ጀምሮ የነበረብኝን እዳ ዛሬ ከፈልኩ» አለ።

ዳዶ አለቀሰች።

ወዘወዟት፤ አለቀሰች። አቀፏት፤ ዝም አለች። መለሷት፤ አለቀሰች። ጠዋት አለቀሰች፣ ቀን አለቀሰች፤ ልብስ ሰፊው በለቅሶው እየተደናገጠ የሰው ሱሪ አንዱን እግር አሳጠረ። ቡሎኔ ደከማት፤ አባቷን አየት አደረገችው። እሱም ገባው። ከቃሉ ግማሹ ገና አልተፈጸመም።

«አንተ ወንድሜ» አለው ለበያጁ፣ «ሲጢጥ እንዲል አድርገው።»

«ምን?»

«ትንሽ አበላሸው።»

«ሰው ሥራህን አበላሽልኝ ብሎ ሲለምነኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው!» በያጁ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። እትዬ ሚዛን ግን ክንዷን አጣጥፋ ቆማ ነበር። ድሮ ሞረድ አስይዛ የመለሰችው ሴት ዛሬ ሞረድ ይዘህ ግባ አለችው።

በያጁ መጋጠሚያው የተቀባውን ግራሶ ጠረገ። አልጋው ዝም። መጋጠሚያው ውስጥ አሸዋ ነሰነሰ፤ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሽማግሌ ተንቋቋ። ዳዶ ጮኸች። ቁራጭ ቆርቆሮ ሸጎጠበት፤ እንደ ዝይ ተንጫጫ። ዳዶ ይበልጥ ጮኸች። «ዝዩን አውጣው!» አለች ቡሎኔ፤ እንደዚያ ደክሟትም ሳቋ መጣ።

ጋሽ ማግኔት ወደ ግቢው ተመልሶ ክምሩን ያምስ ጀመር። ያገኘውን ሁሉ ይጠመዝዛል፣ ያሽከረክራል፣ ያዳምጣል። የድሮ መቀስ ሞከረ። የአጥር ሽቦ መወጠሪያ ሞከረ። ያ ብረትን በድምፁ የሚለይ ጆሮ ዛሬ አንዲት ሲጢጥታ አጣ። የጋሪው ጫፍ ላይ ተቀመጠና አቀረቀረ።

በዚህ መሃል አማቹ ዳዶን ታቅፎ ብቅ አለ። ቡሎኔ ጥቂት ታርፍ ብሎ ልጅቷን ለአያቷ ሊያመጣ ነው። ዳዶ አፏን እስከ ጉሮሮዋ ከፍታ ትጮኻለች። አማቹ በሩን በክርኑ ገፋው።

ሲጢጥ።

ዳዶ ዝም አለች።

ጋሽ ማግኔት ቀና አለ። «ቁም!» አለ። «እዚያው ቁም። በሩን መልሰው።»

«ምን አጠፋሁ?»

«መልሰው እልሃለሁ!»

ሲጢጥ። ዳዶ ዓይኗን ከፈት አድርጋ ወደ ላይ አየች። ሲጢጥ። ከንፈሯ ላላ። አማቹ እንደ ሞኝ በሩ ላይ ቆሞ ሲከፍትና ሲዘጋ፣ እትዬ ሚዛን ድምፁ በዝቶባት ከቤት ወጣች፤ ልትቆጣ አፏን ከፍታ፣ የልጅ ልጇን አይታ አፏን ዘጋች።

«እናቷ እርጉዝ ሆና ጠዋት ማታ በዚህ በር ስትመላለስ፣ ይቺም ከውስጥ ሆና ስትሰማው ኖራለቻ!» አለች በሹክሹክታ።

ጋሽ ማግኔት ግን መፍቻ ይዞ መጥቷል።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ማጠፊያውን ልፈታ።»

«በሩስ?»

«በር ምን ይሠራል? የሚሰረቅ ነገር ቢኖረን ኖሮ እኔው ቀድሜ ሸጬው ነበር።»

 እትዬ ሚዛን ሄዳ በሩን ደግፋ ያዘችለት።

በያጁ ማጠፊያውን ሲያይ ልቡ ቆሰለ። ዝገቱን ልፋቅ አለ፤ አትፋቅ አሉት። ቀጥ ላድርገው አለ፤ አታድርግ አሉት። እንዳለ፣ ጠማማውን እንደ ጠመመ፣ አልጋው መጋጠሚያ ላይ በየደው። ዳዶን አስተኟት። ቡሎኔ እግሯን መርገጫው ላይ አደረገች።

ሲጢጥ፣ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ።

ዳዶ ተኛች። ትንሽ ቆይቶ የቡሎኔ ራስ ወደ ባሏ ትከሻ ዘመመ፤ እሷም ተኛች፤ እግሯ ግን እንደለመደው ይረግጣል። ሱቅ ውስጥ የተሰበሰበው ሰው አንድ በአንድ በእግሩ ጣት ወጣ። ውጭ አንድ ሽንኩርት ሻጭ እየጮኸ ሲመጣ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ሰማ፣ «ሽን...» ብሎ ቀሪውን ዋጠው።

ጋሽ ማግኔት ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ነበር። ዳዶውን ኪሱ ውስጥ ይዞ፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። በያጁ አጠገቡ መጥቶ ቆመ።

«ጥሩ ይጮኻል?» አለው በቁጣ፣ ግን በሹክሹክታ።

«ይዘምራል» አለው ጋሽ ማግኔት።

የግቢው በር ዛሬም አልተተከለም። ከመስመሩ በስተቀኝ፣ እትዬ ሚዛን በየቀኑ እያየችው፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ባለፈው ዳቦ ጋጋሪዋ በዚያ በር በሌለው በር ገብታ፣ ዳቦውን አስቀምጣ፣ ሆዷን በእጇ ዳበስ አደረገች።

«ጋሼ፣ ዳዶ ስትጨርስ ቀጣይዋ እኔ ነኝ።»

«ደግሞ?» አለች እትዬ ሚዛን እየሳቀች።

«ደግሞ! ሐኪሙ መንታ ሳይሆን አይቀርም ይላል።»

ጋሽ ማግኔት ተነሥቶ ግንባሯን ሳማት። ከደስታው ብዛት ድምፁ ከፍ ብሎ ነበርና፣ ከማዶ ሲጢጥታው ሲሰማው ዝቅ አደረገው።

«እልል በይ፣ ልጄ! አልጋው ያንቺ ነው። ባልሽ ግን» አለ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ «ባልሽ ግን ቀለሙንም እንዳይነካ፣ መፍቻም እንዳይዝ። ደረጃው ከጠበበ ደረጃውን ያፍርስ!»